ሕልም እንደ ፈቺው

ከሽንዲ ወይም ከቡሬ ገጠር ለቀዶ ጥገና ወደ ሆስፒታል የመጣ ሰው፣ ከሰመመን ሲነቃ የሚያወራው ነገር አንዳንዴ አስታማሚዎቹን ያስደነግጣል። አንዱ ከገላው ወጥቶ ራሱን ከጣሪያ ሥር ሆኖ እንዳየ ይናገራል። ሌላው ከሞቱ ዘመዶቹ ጋር ሲጨዋወት ቆይቶ እንደመጣ። ዘመድ ያማትባል። ነርሷ ግን «የመድኃኒቱ ነው፣ አሁን ይተወዋል» ብላ ታልፋለች። ልክ ናት። የመድኃኒቱም ስም ኬታሚን ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ መሰማት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ ኬሚስት ፓርክ ዴቪስ ለተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ሠራው። በ1964 ዶክተር ኤድዋርድ ዶሚኖና ዶክተር ጉንተር ኮርሰን ሚሺጋን ውስጥ ፈቃደኛ በሆኑ እስረኞች ላይ ሞከሩት። ከሦስቱ አንዱ ያህል እንግዳ ነገር ታየኝ አለ፤ በጠፈር እንደተንሳፈፈ፣ እጅና እግር እንደሌለው። ዶሚኖ ቤቱ ገብቶ ይህን ለባለቤቱ ለቶኒ ቢያጫውታት፣ «ሰውን ከራሱ የሚነጥል ማደንዘዣ በለው» አለችው ይባላል። ሕክምናው እስካሁን የሚጠቀምበትን ስም ያወጣችው እንግዲህ ሐኪሙ ሳይሆን የሐኪሙ ሚስት ናት።

ኬታሚን በ1970 በአሜሪካ ተፈቀደና ወደ ቬትናም ጦር ሜዳ ወረደ። ከ1985 ወዲህ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽ አያፍንም፤ የደም ግፊትንም ቁልቁል አይጥልም፤ ውድ መሣሪያ ካልተተከለበት፣ መብራት ከሚጠፋበት ቦታም ይሠራል። ለእኛ ዓይነቱ አገር የተፈጠረ ይመስላል እኮ!

ሕልሙ ግን ለቀዶ ሐኪም ጣጣ ነው። ስለዚህ ሕልሙን የሚያስታግስ ሌላ መድኃኒት ይጨመርና ነገሩ ይዘጋል። የሚገርመው፣ ሌሎች ሐኪሞች ያንኑ ጣጣ መድኃኒት ማድረጋቸው ነው። ከ1985 ጀምሮ በሌኒንግራድ አካባቢ ዶክተር የቭጌኒ ክሩፒትስኪ የመጠጥ ሱሰኞችን በኬታሚን ማከም ያዘ። መርፌ ወግቶ አልሄደም። አስቀድሞ ከታማሚው ጋር ሰዓታት ይነጋገራል፤ ምን እንደሚፈራ፣ ለምን መተው እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። መድኃኒቱ ሲሠራ ሙዚቃ እየተሰማ አጠገቡ ሆኖ ያናግረዋል። ሲነቃ ያየውን ያጽፈዋል፤ ከሌሎች ታማሚዎች ጋር ተቀምጦም ይወያይበታል። በ1997 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚህ መንገድ ከታከሙት 111 ሰዎች ከመቶ 66 ያህሉ ከአንድ ዓመት በላይ መጠጥ አልቀመሱም፤ በተለመደው ሕክምና ካለፉት 100 ሰዎች ግን 24ቱ ብቻ። ሰዎቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ከዚያ በ2000 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በ2006 ደግሞ ዶክተር ካርሎስ ዛራቴና ባልደረቦቹ፣ ጽኑ ድብርት የያዛቸው ሰዎች በትንሽ መጠን ኬታሚን በሰዓታት ውስጥ ሲቀልላቸው አዩ። የተለመዱት ክኒኖች ሳምንታት ይፈጃሉ። በ2019 ከኬታሚን የተገኘ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ታማሚው ቢያንስ ሁለት ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር እንዲቆይ ታዞ። ትእዛዙ ለከንቱ አይደለም። እፎይታው ሳይደገም ከቀረ በቀናት ወይም በሳምንት ውስጥ ይተናል። ያለ ልክ የለመደው ሰው ሱስ ይይዘዋል፤ ፊኛውም ይጎዳል። ተዋናዩ ማቲው ፔሪ በጥቅምት 2023 የሞተው በዚሁ መድኃኒት ጠንቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለወንበርማ ገበሬ ምኑ ነው? ኬታሚን ተወግቶ ሐዘኑን ይርሳ የሚል የለም። የሩሲያው ሐኪም ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላሉ አባቶች። መድኃኒቱ አንድ ነው። አንዱ ጋ ጣጣ፣ ሌላው ጋ ፈውስ፣ ሦስተኛው ጋ ሞት የሆነው፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ስለተለያየ ነው። ሰው ካለ ሕልሙ ይፈታል፤ ከሌለ ያው ሕልም ሆኖ ይቀራል።

አጠገብ መቀመጥን ከውጭ የምንማረው አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ቤቱን ወግ ቀን በቀን ጽፏል። ሳይመን መሲንግ የተባለ ተመራማሪም በ1958 ያንኑ የዛር ማኅበር የቡድን ሕክምና ብሎ ጠራው። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለክርክር እንተወው። ጠበሉም፣ የንስሐ አባቱም፣ የቡናው ጉባኤም የተጨነቀን ሰው ብቻውን አይተዉም። የጎደለው ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሠራው ባለሙያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሽንዲ ሰው ልቡ ሲታወክ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ ያውም ወደ ሐኪም መሄድ የታሰበ እንደሆነ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን የጀመሩት በ1979 ዓ.ም. ነው። ሐኪሞች እዚሁ አገር ውስጥ ለስፔሻሊስትነት መማር የጀመሩት ደግሞ በ1995 ዓ.ም.።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታሉ ምንጮች ለዜና ማሰራጫዎች ተናግረው ነበር። የቆሰለው ሥጋ ይሰፋል፤ ስፌቱም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወጣል። ያን ቀን ያየ ዓይንስ? «ሆድ ይፍጀው» እያልን ስንቱን እናሳልፋለን? ሆድ እኮ ሁሉን አይፈጅም፤ አንዳንዱን ለልጅ ያወርሳል።

እንግዲህ ሆስፒታል ሲሠራ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ብቻ አይቆጠር። ከቁስለኛው አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ፣ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ሳይቸኩል የሚሰማ አንድ ነርስ በየወረዳው ይመደብ። ይህ ከውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር አይደለም።