የጋዜጠኝነት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፦ ከመስክ ምርጫ እስከ ሥራ ቅጥር

በአገራችን ጋዜጠኛ ሆኖ ለመሥራት እንደ ሕክምና ወይም እንደ ጥብቅና በግለሰቡ ስም የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም። በመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚወስደው ወይም የሚመዘገበው መገናኛ ብዙኃኑ ራሱ ነው። በመሆኑም በዜና ክፍሎች ውስጥ በታሪክ፣ በሕግ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በቋንቋ ተመርቀው የሚሠሩ በርካታ ባለሙያዎች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የቅጥር ማስታወቂያዎች በአብዛኛው በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይም በተቀራራቢ መስክ የተገኘ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ስለዚህ መስኩን ለመምረጥ ያሰበ ተማሪና ወላጅ ዲግሪው ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሙያው ረዘም ላለ ጊዜ በሥራ ላይ የሚለመድ ነበር። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምርም ሆነ የቴሌቪዥን አገልግሎት በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጀማሪው ዘጋቢ ከአዘጋጁ ጎን ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ዕድል የገጠመው ወደ ውጭ አገር ለሥልጠና ይላክ ነበር። የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ሲበራከቱ የሠለጠነ ባለሙያ ፍላጎት ጨመረ። ዛሬ ትምህርቱ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በሌሎች የመንግሥትና የግል ተቋማት ይሰጣል።

ወደ መስኩ የሚገባበት መንገድ ብዙዎችን ያሳስታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ተማሪ በቀጥታ ጋዜጠኝነት ክፍል አይመደብም። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ተቀባይነት የሚወሰነው በተማሪው ፍላጎት፣ በውጤቱና በክፍሉ የመቀበል ዐቅም ነው። ስለሆነም ጋዜጠኝነትን የሚሻ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ሊዘናጋ አይገባም። ተቋሙ ሲመረጥም ትምህርት ክፍሉ በዚያ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ በመሆኑ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ልብ ይሏል።

በግል ተቋም መማር የሚፈልግ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የተቋሙን ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት አለበት። ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ደረጃና ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በጋዜጠኝነትም አለው ማለት አይደለም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት የትኛውን መስክ እንደሚመለከት በጥንቃቄ ማንበብ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ከመክሰር ያድናል።

ትምህርቱ የዜና አጻጻፍን፣ የቃለ መጠይቅ ስልትን፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅትን፣ የፎቶ ጋዜጠኝነትን፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባርን እንዲሁም የጥናት ዘዴን ያካትታል። ተመራቂዎችን በሥራ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትናቸው ግን ቋንቋ ነው። በዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆን የሚቀጠሩበት ተቋም የሚሠራው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የዜና አወቃቀርን ጠንቅቆ የተማረ ተመራቂ ግሱ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ በሚውልበት በአማርኛ ዋናውን ጉዳይ እንዴት ወደ ፊት እንደሚያመጣ ተቸግሮ ይታያል። የውጭ ዜና በሚተረጎምበት ጊዜ ደግሞ በመነሻው ከምሽቱ ስምንት ሰዓት የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን፣ በዘመን አቆጣጠሮቹ መካከል እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን፣ የአገራችን የበጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር መዘንጋት የዜናውን ፍሬ ነገር ያበላሻል። ይህን ክፍተት ተማሪው ራሱ ገና በትምህርት ላይ ሳለ መሙላት ይኖርበታል፤ በሚሠራበት ቋንቋ በየሳምንቱ መጻፍና ጽሑፉን ለሚያርም ሰው ማሳየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው።

የሕግ ትምህርቱም ለፈተና ብቻ ተሸምድዶ የሚረሳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥያቄው ተቀባይነት ያጣበት ጠያቂ አቤቱታውን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ በግል ገጽ የሚሠራጨውንም ይመለከታል። ተማሪው ገና ሳይመረቅ በስልኩ የሚያሠራጨው መረጃ ከሕጉ ውጭ አይደለም።

ከተመራቂዎች ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በመንግሥትና በግል ድርጅቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ነው። ሥራው የተከበረ ቢሆንም ጋዜጠኝነት ግን አይደለም፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የቀጣሪውን መልእክት ያስተላልፋል፣ ጋዜጠኛው ደግሞ ያንኑ መልእክት ይመረምራል። ተማሪው የተግባር ልምምድ የሚያደርግበትን ቦታ ሲመርጥ ይህን ልዩነት ቢያጤን ይበጃል። በዜና ክፍል ወይም በዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ያሳለፈ ተማሪ የታተመ ወይም የተሠራጨ ሥራ ይዞ ይወጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት፣ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ለማለፍ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያላለፈ ተማሪ እንደገና መፈተን ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ መርሐ ግብር የተማረ ተመራቂ የወጪ መጋራት ውል ስለፈረመ ሥራ ሲይዝ ድርሻውን ይከፍላል። ለቅጥር ሲቀርብም ከትምህርት ማስረጃው ባሻገር የጽሑፍ ፈተና፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ የድምፅና የንባብ ፈተና ሊገጥመው ስለሚችል፣ በትምህርት ዘመኑ የሠራቸውን ዜናዎችና ዝግጅቶች ከነተሠራጩበት ቀን አደራጅቶ ቢይዝ ይመከራል።