የምድር ቤቱ ድምፅና የሐያስያን ፍርድ

የጃዝን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች ይልቅ ወደ ጠባብ የምሽት ክበቦች መውረድ ግድ ይለዋል። ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት፣ አዲስ የአጨዋወት ስልትም የፈተኑት በአብዛኛው በእነዚህ ቤቶች ነበር። ይሁን እንጂ ደጃፋቸው ከቁጥጥር ነፃ አልነበረም። በኒውዮርክ ከተማ ከ1940 እስከ 1967 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መጠጥ በሚሸጥበት የምሽት ክበብ የሚሠራ ሁሉ ፖሊስ የሚሰጠውን ካርድ መያዝ ነበረበት። ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ በ1951 ካርዱን ተነጥቆ ስድስት ዓመት ያህል በከተማዪቱ ክበቦች እንዳይጫወት ታግዷል። በ1957 ፈቃዱ ሲመለስለት «ፋይቭ ስፖት» በተባለው ክበብ ከጎኑ ቆሞ ሳክስፎን የነፋው ጆን ኮልትሬን ነበር።

ይኸው ኮልትሬን በኖቬምበር 1961 የራሱን ቡድን እየመራ «ቪሌጅ ቫንጋርድ» ገባ። ማክስ ጎርደን በ1930ዎቹ አጋማሽ የመሠረተው ይህ ክበብ ከመንገዱ በታች፣ በደረጃ የሚወረድበት ምድር ቤት ሲሆን፣ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሰው ይይዛል። ጃዝ ከመንገሡ በፊት ገጣሚያን ግጥማቸውን ያሰሙበት ነበር። የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር መሣሪያውን ይዞ አራት ምሽት ቀረጸ። በ1962 ኢምፐልስ ኩባንያ ያወጣው ሸክላ ከዚህ ሁሉ ሦስት ዜማ ብቻ ይዟል።

የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ ሙሉ በሙሉ የያዘው «ቼሲን ዘ ትሬን» የተሰኘው የብሉዝ ጨዋታ ነው። አሥራ ስድስት ደቂቃ ያህል ይዘልቃል። በዚህ ጨዋታ ፒያኖው ዝም ብሏል፤ ሳክስፎኑ በባስና በኤልቪን ጆንስ ድራም ብቻ ታጅቦ አንዱን ሐሳብ ይዞ ይሰብረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ እስከ ጩኸት ያደርሰዋል። ርእሱም ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሰውን ኮልትሬንን በድምፅ ማጉያ ለመከተል ከነበረው ድካም እንደ ተወሰደ ይነገራል።

በዚያው ወር «ዳውን ቢት» በተባለው የጃዝ መጽሔት አንድ ሐያሲ፣ በሌላ መድረክ የሰማውን የኮልትሬንንና የባልደረባውን የኤሪክ ዶልፊን አጨዋወት «ፀረ-ጃዝ» ሲል ፈረጀው። «ፀረ» የሚለው ቃል በማንም ላይ ሲለጠፍ ክርክሩን ይዘጋል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። ሁለቱ ሙዚቀኞች ግን ስድቡን በስድብ አልመለሱም። በኤፕሪል 1962 በዚያው መጽሔት ገጽ ላይ ቀርበው ምን እንደሚሹና ለምን ረጅም ጊዜ እንደሚጫወቱ በእርጋታ አስረዱ።

የመድረክ ጥበብ በተሰማበት ቅጽበት የሚያልፍ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የሐያሲው ቃል ብቻ ነው። የምድር ቤቱ ጨዋታ ግን ምስክሩን በሸክላ ላይ አኖረ። ዶልፊ በ1964፣ ኮልትሬን በ1967 ቢያርፉም፣ በ1997 የአራቱ ምሽቶች ቅጂ ተሰባስቦ ሲወጣ አድማጭ ራሱ መዝኖ የሚፈርድበት ማስረጃ ሰፋ። ዛሬ ያ ሸክላ ከጃዝ ዐበይት ሥራዎች መካከል ይቆጠራል።

ሐያሲ አዲስ ድምፅ ሲሰማ የመጠየቅ፣ እንከኑንም የመንቀፍ መብት አለው። ሥራውን በሚገባ ሳያደምጥ ከጥበብ ቤት ማስወጣት ግን ከሂስ ይልቅ ካርድ ለሚነጥቀው ፖሊስ ሥራ የቀረበ ነው።