ገብቶ የማይወጣ ድምፅ

ሶኒ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ድምፅ የሚቀረጽበትን ባዶ ሚኒዲስክ ማምረቱን በየካቲት እንደሚያቆምና ምትክ እንደማይኖረው ይገልጻል። ባዶ ብሉሬይና የሚኒዲቪ ካሴትም በዚያው ወረቀት ላይ አብረው ተሰናብተዋል። ብዙ ሰው የገረመው ዲስኩ እስከዚያ ቀን ድረስ መመረቱ ነው፤ በሰዉ ልብ ከሞተ ቆይቷል። የአሟሟቱም ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ አይፖድ መጣ፣ ሚኒዲስክ ሄደ።

ዛሬም መቅረጫውን እየፈቱ የሚጠግኑ አፍቃሪዎቹ ግን ይህን ታሪክ አይቀበሉትም። እነሱ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሌላ ነው። ሰው በገዛ ማይክሮፎኑ የቀረጸውን ድምፅ ከዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳያወጣ ዓመታት ሙሉ የከለከለው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚታወቀውን በአጭሩ እናስቀምጠው። የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ መቅረጫ፣ ኤምዜድ-1፣ ኅዳር 1 ቀን 1992 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። አሜሪካ ሲደርስ ዋጋው 750 ዶላር ገደማ ነበር። ዓላማው ካሴትን መተካት ነው። በዚያው ዓመት ፊሊፕስ ዲጂታል ካሴት ይዞ ለፉክክር ወጣ፤ በ1996 ግን ተሸንፎ ከገበያው ወጣ። ሚኒዲስክ በጃፓን ሠመረለት፣ በብሪታንያም ወዳጅ አገኘ፤ በአሜሪካ ሳይለመድ ቀረ። የሬዲዮ ጋዜጠኞች ግን በየአገሩ ወደዱት፤ ቃለ መጠይቅ ቀርጾ እዚያው መንገድ ላይ ቆራርጦ ማዘጋጀት ይቻል ነበርና።

ቆራርጦ የማዘጋጀቱ ምስጢር ከዲስኩ አሠራር የመጣ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዲስኩ 64 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አቧራና ጣት እንዳይነካው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተዘግቷል። ሲቀረጽበት ሌዘሩ ከአንድ ወገን አንዲቱን ነጥብ እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግላታል፤ በሌላው ወገን ትንሽ የማግኔት ሄድ ዲስኩን ተጠግቶ የነጥቧን አቅጣጫ ይወስናል። ነጥቧ ስትቀዘቅዝ የተጻፈው ይረጋል። ሙቀቱና ማግኔቱ ካልተገናኙ አይሰረዝምና ካሴትን የሚያበላሽ ማግኔት ሚኒዲስክን አያስደነግጠውም። ሶኒ በአንዱ ዲስክ ላይ ሚሊዮን ጊዜ መልሶ መቅረጽ ይቻላል ይል ነበር። አትራክ የተባለው የማመቂያ ዘዴ ደግሞ ጆሮ አይለየውም የተባለውን እየጣለ ድምፁን ከሲዲው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ያሳንሰዋል፤ 74 ደቂቃ በዚያች ትንሽ ዲስክ ላይ የገባው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አትራክ ጥሩ ጆሮ ያለውን ሰው አላስደሰተም፤ ኋላ እየተሻሻለ ሄደ።

ድምፁ ግን የግድ ተከታትሎ መጻፍ የለበትም፤ ክፍት ቦታ በተገኘበት ሊበተን ይችላል። የትኛው ቅጂ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በዲስኩ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ያለው ማውጫ ብቻ ነው። አንዱን ቅጂ ለሁለት መክፈል፣ ሁለቱን ማጋጠም፣ ቅደም ተከተላቸውን መቀያየር፣ መሰረዝ፣ ሁሉም ማውጫውን ብቻ ነው የሚነካው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። መቅረጫው ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ የማውጫው ምልክት ብልጭ ድርግም እያለ ባትሪው ካለቀ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ እዚያው ዲስኩ ላይ እያለ ማሽኑ ዲስኩን ባዶ ነው ይላል።

አፍቃሪዎቹ ለዚህ ያገኙት መላ የሚደነቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ቅጂ የተቀረጸበትን ሌላ ዲስክ ለማሽኑ ይሰጡታል። ማሽኑ ማውጫውን አንብቦ በልቡ ሲይዝ፣ ዲስኩ መውጣቱን ሳያሳውቁት በተጎዳው ይቀይሩበታል፤ ከዚያ ትንሽ ለውጥ አድርገው ማውጫውን እንዲጽፍ ያስገድዱታል። የጠፋው ድምፅ እንደ አንድ ረጅም ቅጂ ተመልሶ ይሰማል። በዚህ ዓይነት ማታለል የተካነ ሰው ሌላ የተቆለፈ በር ሲያይ ዝም ብሎ እንደማያልፍ መገመት አያዳግትም።

በሩን ማን ቆለፈው? እዚህ ላይ የቀድሞው የሶኒ ፕሬዚዳንት ኖሪዮ ኦጋ የግድ ይነሳሉ። ኦጋ በ1930 ተወልደው የተማሩት ለዘፋኝነት ነበር፤ ባሪቶን ነበሩ፣ ጀርመን ድረስ ሄደው ሙዚቃ አጥንተዋል። ገና ተማሪ ሳሉ የኋላው ሶኒ የሠራውን ቴፕ ሰምተው የድምፁን መዋዠቅ ነቀፉ። ባሌ የምትደንስ ሴት መስታወት እንደሚያሻት ዘፋኝም ድምፁን መልሶ የሚያሳየው መሣሪያ ያሻዋል ባይ ነበሩ። መሥራቾቹ ተቺውን ጎትተው አስገቧቸው። በ1968 ሶኒ ከአሜሪካው ሲቢኤስ ጋር ጃፓን ውስጥ ሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም ኦጋ ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ። ሲዲ በወጣበት በ1982 የሶኒ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1988 ሲቢኤስ ሪከርድስ ራሱ በ2 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ።

እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ነጋዴ ገባ። አንዱ መቅረጫ ይሸጣል፤ ሌላው ሙዚቃ ይሸጣል፣ መቅረጫንም ይፈራል። ፍርሃቱ የሶኒ ብቻ አልነበረም። ከሚኒዲስክ በፊት የወጣው ዲጂታል ቴፕ በአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ተቃውሞ ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ኋላ ድርድር ተደርጎ አንድ ሕግ ወጣ፦ ከዲጂታል መቅረጫ 2 በመቶ፣ ከባዶ ዲስክ 3 በመቶ ለሙዚቃው ወገን ይከፈላል፤ ማሽኖቹም ከዲጂታል ቅጂ ላይ ሌላ ዲጂታል ቅጂ እንዳይወሰድ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ይኖራቸዋል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባትየው ሕጉን ጥቅምት 28 ቀን 1992 ፈረሙት። ሚኒዲስክ በአራተኛው ቀን ቶኪዮ ላይ ተሸጠ።

ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ነው። በ2001 ሶኒ ኔትኤምዲ የሚባሉ መቅረጫዎችን አወጣ። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ፤ ዘፈን በፍጥነት ወደ ዲስኩ ይገባል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ አንዱን ዘፈን ከሦስት ጊዜ በላይ አያሳልፍም። ከሁሉ የከፋው፣ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። አያቱን ያናገረ፣ ልምምዱን የቀረጸ፣ የወፍ ድምፅ ያደነ ሰው ሥራውን በዚያው ገመድ ማውጣት አይችልም። ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ደቂቃ በደቂቃ እያጫወተ እንደ ካሴት መገልበጥ ነበረበት።

ስለ ምክንያቱ ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ለመሐንዲሶቹ ይከራከራል፦ ኔትኤምዲ የተነደፈው ሙዚቃ ለማስገባት ነው፣ ቺፑ ለማውጣት አልተሠራም፣ በማይክሮፎን የሚቀርጸውም ሰው ጥቂት ነበር ይላል። ሁለተኛው ጣቱን በዚያው ቤት ወዳለው ሙዚቃ ሻጭ ይቀስራል።

የመጀመሪያው ወሬ ጥሩ ይመስላል፤ ከ2004 በኋላ የሆነውን ስናይ ግን መቆም ይሳነዋል። በዚያ ዓመት ሃይ-ኤምዲ መጣ፤ ዲስኩ 1 ጊጋባይት ይይዛል፣ በአዲሱ ስልት የተቀረጸ ድምፅም ወደ ኮምፒውተር ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር! ቺፕ አንድና ሁለት ብሎ አይቆጥርም፤ እንዲቆጥር የሚያዘው የሰው ፖሊሲ ነው። ገደቡም በኋላ የተነሳው ሶፍትዌሩ ተሻሽሎ ነው፤ ማሽኑን የነካ የለም። በጥር 2005 ደግሞ የፕሌይስቴሽን አባት የሚባሉት ኬን ኩታራጊ ቶኪዮ ላይ ለውጭ ጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሶኒ በተንቀሳቃሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ገበያ የተቀደመው ለሙዚቃና ለፊልም ይዞታው እጅግ ሲሳሳ ስለነበረ መሆኑን አመኑ። እሳቸውን ጨምሮ ብዙ የድርጅቱ ሠራተኞች በዚህ ሲበሳጩ እንደኖሩም አልሸሸጉም። ከከሳሽ አፍ ቢሆን ኖሮ እንጠራጠር ነበር፤ ይህ ግን ከቤቱ ሰው የመጣ ቃል ነው።

ኦጋን በግላቸው መውቀስ ግን አይገባም። ፕሬዚዳንትነቱን የለቀቁት በ1995 ነው። ኔትኤምዲ በወጣበት ዓመት ኅዳር ላይ ቤጂንግ ውስጥ ኦርኬስትራ ሲመሩ መድረክ ላይ ወድቀው ለሞት ተቃርበው ነበር። መቅረጫውንና ሸክላውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ቁልፉን ያዞሩት ግን ተከታዮቻቸው ናቸው። ያረፉት ሚያዝያ 2011 ነው፤ ሶኒ የሚኒዲስክ ዎክማን መላክ ያቆመው በዚያው ዓመት መስከረም ነው።

 

በሩ በሕጋዊ መንገድ የተከፈተው በ2006 ነበር። ኤምዜድ-አርኤች1 የተባለው የመጨረሻው መቅረጫ በ1992 የተቀረጸን ዲስክ ሳይቀር በዩኤስቢ ያወጣል። ግን ዘገየ፤ አይፖድ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ዛሬ አርኤች1 ከተፈለገ ዋጋው አይቀመስም፣ የብዙዎቹም ስክሪን ደብዝዟል።

ክርክሩን የዘጉት ግን አፍቃሪዎቹ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የኔትኤምዲን ቋንቋ ፈትተው፣ ከድረ ገጽ ማሰሻ በቀጥታ ዲስክ የሚሞላ ነጻ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በብዙዎቹ የሶኒ ተንቀሳቃሽ ኔትኤምዲዎች ውስጣዊ ፕሮግራም ላይ ቀዳዳ አግኝተው በዚያው አሮጌ ገመድ ድምፁን አወጡት። አልተሠራለትም የተባለው ቺፕ ሠራ። ከዚህ በኋላ የመሐንዲሶቹን ሰበብ ይዞ መከራከር ይከብዳል።

አሁን ሚኒዲስክ መጠቀም ለሚጀምር ሰው የተለመዱት ብልሽቶች ብዙ አይደሉም። መቅረጫው ያለ ችግር ያጫውታል፣ ሲቀረጽ ግን የድሮው ድምፅ እንዳለ ይቀራል፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዲስክ በጉልበት ሲገባ የተጣመመው ወይም የተቆረጠው የማግኔት ሄድ ነው። የቤት ውስጥ መቅረጫ ዲስኩን አስገብቶ መልሶ ይተፋል፦ ቺንጋው ላልቷል ወይም ውስጡ ያሉት ትናንሽ ማብሪያዎች ዝገዋል። ጠፍጣፋው ባትሪ ውስጡ ቆይቶ ፈስሶ ከሆነ ደግሞ መገናኛውን ማጽዳት ይቀድማል።

በዚያ ዘመን በውጭ አገር ሬዲዮ የሠራ ወይም ቃለ መጠይቅ የሰበሰበ ሰው በመሳቢያው እንዲህ ያለ ዲስክ ካገኘ፣ ማሽን ውስጥ ሳያስገባ ጠርዙ ላይ ያለችውን መዝጊያ ገፋ አድርጎ ቀዳዳዋን ይክፈት፤ ያኔ ማንም በስሕተት ሊቀርጽበት አይችልም። ማሽኑ ባዶ ነው ቢለውም አይቅረጽበት፤ ድምፁ ገና እዚያው ሊኖር ይችላል። ኔትኤምዲ ካልተገኘ ማንኛውንም ማጫወቻ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ጋር አገናኝቶ 74ቱን ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጥራቱ በጥቂቱ ቢቀንስም ቀረጻው ይተርፋል።