ኦራ ዋሽንግተንና የተዘጋው በር

ቴኒስ ሲባል ብዙዎቻችን ነጭ በነጭ የለበሱ ሀብታሞች በለመለመ ሣር ላይ ኳስ ሲቀባበሉ ይታየናል። አልተሳሳትንም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው የእነሱ ነበር፤ ትልቁ የቴኒስ ማኅበር ጥቁሮችን ከውድድሩ ያገል ነበርና። ጥቁሮቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1916 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በዓመቱም የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ባልቲሞር ላይ አካሄዱ።

ኦራ ዋሽንግተን የዚሁ ማኅበር ልጅ ናት። ቨርጂኒያ ገጠር ተወልዳ ወደ ፊላደልፊያ የፈለሰች፣ ጀርመንታውን በሚባለው ሰፈር በወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሜዳ ራኬት የጨበጠች። ከዚያማ ማን ይቻላት! ከ1929 እስከ 1935 ሰባት ዓመት በተከታታይ፣ በ1937 ደግሞ ለስምንተኛ ጊዜ የነጠላ ሻምፒዮን ሆነች። በጥንድ ግጥሚያም ከ1925 እስከ 1936 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ድሉን የቀማት የለም። ይህ አልበቃ ብሏት ቅርጫት ኳስም ትጫወት ነበር።

በዚያው ዘመን በነጮቹ ዘንድ የነገሠችው ሔለን ዊልስ ነበረች፤ ዊምብልደንን ብቻ ስምንት ጊዜ አሸንፋለች። ከሁለቱ ማን ትበልጣለች? መልሱን መስጠት የነበረበት ሜዳው ነው፤ ግን አንድም ቀን አልተገናኙም። አጥሩ የዋዛ አልነበረም፤ በ1929 ሬጂናልድ ዊርና ጀራልድ ኖርማን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ለታዳጊዎች ውድድር ቢመዘገቡ ጥቁር በመሆናቸው ብቻ ተመልሰዋል።

ድሉ ለኦራ እንጀራ አልሆናትም። የምትተዳደረው በሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። በ1947 ከጆርጅ ስቱዋርት ጋር የድብልቅ ጥንድ ሻምፒዮና ስታሸንፍ፣ ከተሸነፉት አንዷ ወጣቷ አልቲያ ጊብሰን ነበረች። በ1950 በሩ ለአልቲያ ተከፈተ፤ በ1957ም ዊምብልደንን አሸነፈች። ለኦራ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ኦራ በ1971 አረፈች። በ1976 የጥቁር ስፖርተኞች የክብር መዝገብ ስሟን ሲያሰፍር፣ አዘጋጆቹ መሞቷን እንኳ አልሰሙም ነበር። የቅርጫት ኳሱ የክብር መዝገብማ ያስታወሳት በ2018 ነው።

እንግዲህ ጓዶች፣ «የዘመኑ አንደኛ» የሚል ነገር ስናነብ አንድ ጥያቄ እናስከትል፦ ለመወዳደርስ የተፈቀደለት ማን ነበር? ይህን ካልጠየቅን ታሪክ ብለን የምናነበው በረኛው ያስገባቸውን ሰዎች ዝርዝር ብቻ ይሆናል።