ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገረው

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ሳይነሳ ቀድሞ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ባዮስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲፒኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና ሲሠራ፣ ከማሽኑ አካል ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው አውጥቶ ባዮስ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ የተስፋፋው ግን አይቢኤም ኦገስት 12 ቀን 1981 የግል ኮምፒውተሩን ይዞ ብቅ ካለ በኋላ ነው።

በዚያ ማሽን ቺፕ ጫፍ ላይ አንድ ቀን ተጽፏል፦ 04/24/81። የባዮሱ ቀን ነው። ማየት የፈለገ ሰው ከዶስ ጋር የሚመጣውን ዲበግ የተባለ መሣሪያ ከፍቶ የቦታውን አድራሻ ይጽፋል፤ ቀኑ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም። ከ10/27/82 በፊት የወጡት ባዮሶች በተጨማሪ ካርድ ላይ ያለን ፕሮግራም ፈልገው አያስነሱም። ስለዚህ አሮጌ ባዮስ ባለው ማሽን ላይ ውድ ሃርድ ዲስክ የሰካ ሰው ማሽኑን ከዲስኩ ማስነሳት አይችልም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያቺን ቀን ያየ ተረፈ።

አይቢኤም የባዮሱን ሙሉ ጽሑፍ በቴክኒክ መመሪያው ላይ አሳትሞት ነበር። ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ጽሑፉ በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለነበር፣ ያነበበው ተፎካካሪ ሁሉ ቀድተሃል ለሚል ክስ ይጋለጣል። ኮምፓክ መላ አገኘ። አንዱ ቡድን ባዮሱ ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ዋናውን ጽሑፍ ዓይቶ የማያውቅ ሌላ ቡድን ከዝርዝሩ ተነስቶ አዲስ ባዮስ ይሠራል። ፊኒክስም በዚሁ መንገድ ሠርቶ በ1984 ለፈለገ አምራች ሁሉ መሸጥ ጀመረ። የአይቢኤም አጥር የፈረሰው ያኔ ነው።

አምራቹ ሲበዛ ደግሞ አንዲት ቀን ብቻዋን ምንም አትነግርም። ማን ሠራው? ሞዴሉ ምንድን ነው? መለያ ቁጥሩስ? በ1990ዎቹ ኩባንያዎቹ ተስማምተው ኤስኤምባዮስ የተባለ አንድ ወጥ ሠንጠረዥ አወጡ። ዛሬ በሊኑክስ ዲኤምአይዲኮድ የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የጻፈ ሰው የሚያነበው ይህንኑ ነው፤ የባዮሱን ስሪትና ቀን፣ የማዘርቦርዱን ስም፣ ራም የሚሰካባቸውን ቦታዎች ሳይቀር። በመቶ የሚቆጠር ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት አንድም ክዳን ሳይፈታ ንብረቱን ይቆጥራል።

በዚህ መሃል ባዮስ የሚቀመጥበት ቺፕ እንደገና የሚጻፍበት ዓይነት ሆነ። ለማሻሻል አመቺ ነው፤ ለማጥፋትም እንዲሁ። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ከታይዋን የተነሳው ሲአይኤች ቫይረስ የብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮስ አበላሽቶ ማሽኖቹን ከነጭራሹ እንዳይበሩ አድርጓቸዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ትእዛዙ ማሽኑን አይመረምርም። አምራቹ ሠንጠረዡ ላይ የጻፈውን ብቻ ያነባል። የዲኤምአይዲኮድ መመሪያ ራሱ መረጃው በጭፍን የሚታመን እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ላይ ትእዛዙ ሲጻፍ፣ በአምራቹ ስም ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ፋብሪካው ሳይሞላው ሸጦታል።