የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት (ደቡብ ጎንደር)

በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን በከበቡ ሀገር በቀል ደኖች ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በጋራ ያካሄዱት የሥነ ምህዳር ጥናትና የመልሶ ማልማት ሥራ ነው።

መሠረቱን የጣለው የአለማየሁ ዋሴ የዶክትሬት ጥናት ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ይህ የደን ባለሙያ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው ሥራ 28 ደኖችን ዳስሶ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል።

ከደኖቹ የተወሰደ አፈር ውኃ እየጠጣ በውስጡ ያለው ዘር እንዲበቅል ሲደረግ አብዛኛው የወጣው ሣርና አረም ሆነ። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም፤ ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቆረጠ ተተኪ ማግኘት ይከብዳል። በታጠረና ባልታጠረ መሬት ላይ በተደረገ ንጽጽርም ከብት ያልደረሰበት ቡቃያ የተሻለ የመትረፍ ዕድል ነበረው።

ቆየት ብሎ የአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ተሰለፉ። በ1938 እ.ኤ.አ. ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ ምስሎች ጋር ሲተያዩ የደኖቹ ስፋት እምብዛም እንዳልተለወጠ ታወቀ። የተለወጠው ዙሪያው ነው፤ ደኑን ይከልል የነበረው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል። በውስጥም የእግር መንገድ፣ መቃብርና ባሕር ዛፍ ደኑን ያሳሳሉ።

አለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመካክረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ይለቀማል፤ ለገበሬው መሬቱ ይጠራለታል፣ ደኑም ከከብት ይጠበቃል።