እባብ ከጎተራ ሥር

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ፎቶ ላከልኝ። ከጎተራው ሥር የወጣ እባብ ነው፤ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ሆዱ ፈርጧል። «ምን ዓይነት ነው? መርዝ አለው ወይ?» ይላል ጥያቄው። የእኔ ዓይን ግን የሄደው ከሆዱ ወደ ወጡት ሁለት አይጦች ነው። በፎቶ ብቻ አይቼ መርዝ አለው፣ የለውም ብዬ አልምልም። አይጦቹ የማንን እህል ሲበሉ እንደከረሙ ግን ለማወቅ አይቸግርም።

ስለዚህ ዛሬ ማዳበሪያውን ትተን ትንሽ ታሪክ እናውጋ።

በጥንት ዘመን አርዌ የሚባል ዘንዶ በአገራችን ነግሦ ነበር ይላል ተረቱ። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር። በኋላ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል ሰጥቶ ገደለውና በቦታው ነገሠ፤ ንግሥት ማክዳም የእሱ ልጅ ናት ይባላል። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተደርድሮ ሲሸጥ ያየዋል። እባብ ሲታይ መጀመሪያ ድንጋይ የምናነሳው እንዲህ ያለውን እየሰማን አድገን ይሆናል።

ሌላ ዘንዶ ግን አለን። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ሥር ሲደርሱ አምባው ገደል ሆኖ መውጫ አጡ። ገድላቸው እንደሚለው ወደ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ ነው። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሰው በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ነው የሚወጣው። በሥዕላቸው ላይ ዘንዶውን አይታችሁት ይሆናል። ጥቅምት 14 በዓላቸውን የሚያከብረው ሰው በ15 ማለዳ ከጎተራው ሥር እባብ ቢያይ ግን ያው ድንጋዩን ያነሳል።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረታችን ስለ ተንኮለኛ ሰው ነው፤ የእባቡን አድራሻም ግን በትክክል ይናገራል። (እውነቱን ለመናገር፣ የድንጋይ እርከን ሥሩ ሥሩ እያልን የምንወተውታችሁ እኛው ነን። አይጡም እባቡም ቤት ያገኘው እዚያ ነው።) እርከኑን አታፍርሱ፤ ለአፈሩ ያስፈልጋል። የድንጋይና የማገዶ ክምሩ ግን ከቤት ግድግዳ ይራቅ፤ የተደፋ እህልም ይጠረግ። አይጥ ካልመጣ እባብም የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል።

«ታዲያ ቢነክሰኝስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የእፉኝት ንክሻ ሰው ይገድላል፣ እጅና እግር ያስቆርጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ ንክሻን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። የመድኃኒቱ ታሪክ ግን ከገበሬ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዚህ ነው ላወጋችሁ የፈለግሁት።

እ.ኤ.አ. በ1891 በዛሬዋ ቬትናም ደቡብ ጎርፍ መጥቶ እባቦችን ወደ አንድ መንደር ነዳ። 40 ያህል ሰው ተነከሰ፤ አራቱ ሞቱ። አልበርት ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከዚያ ተነስቶ መርዙን ማጥናት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ እየወጉ፣ ከፈረሱ ደም ማርከሻ ማውጣት ተቻለ። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያው ዘመን በብራዚል ቡና አምራች አገር ቪታል ብራዚል የሚባል ሐኪም የተነከሱ የእርሻ ሠራተኞችን ያክም ነበር። የካልሜትን መድኃኒት በአገሩ እባቦች መርዝ ላይ ሞከረው፤ አልሠራም። ለካ የአንዱ እባብ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም! ስለዚህ የአገሩ እባብ ያስፈልገው ነበር፤ ያውም በሕይወቱ፣ መርዙን እየደጋገሙ ለማለብ። እ.ኤ.አ. በ1901 በቡታንታን ተቋም ሲቋቋም ከገበሬዎች ጋር ልውውጥ ጀመረ። ገበሬው እባቡን በእንጨት ሣጥን ይልካል፣ ባቡሩ ሣጥኑን በነፃ ያደርሳል፣ ለገበሬው በምላሹ መድኃኒት ይላክለታል። ያ ገበሬ እባቡን ቢቀጠቅጠው ኖሮ መድኃኒቱ አይመጣለትም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ እባብ እንድትይዙ አይደለም፤ በፍጹም እንዳትሞክሩት! ግን አገራችን ውስጥ ብቻ የሚገኙ እፉኝቶች እንዳሉን እወቁ። አንዱ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ሌላው፣ የባሌው የሐረና ጫካ እፉኝት፣ ገና በ2016።

እባቡን ስታዩ ቆም በሉ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ መውጫውን አትዝጉበት። ብዙው እባብ ራሱ ይሄዳል። እፉኝት ግን አይሸሽም፤ ሣር ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ስታጭዱም ስትከምሩም እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ፤ ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ፤ ቦቲ ያለው ቦቲውን ያድርግ። የተነከሰ ሰው ቢኖር አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድም አትሰሩት። ቀለበትና አምባሩን አውልቁ፣ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ሰውየውን በቃሬዛ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። መድኃኒቱ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ ስለማይገኝ እየሄዳችሁ ደውሉ። እባቡን ማሳደድ ትርፉ ሁለተኛ ሰው ማስነከስ ነው። ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከቻላችሁ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ስለ ዔሊም የጠየቃችሁኝ ቆላ ያላችሁ አላችሁ። ዔሊ ማንንም አትጎዳም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝም ሆነ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ልጆች አስረው ቢያመጧት ወደተገኘችበት ቦታ አስመልሷት። መንገድ ስታቋርጥ ካገኛችኋት ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት። ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚፈጅባት አንዷ ከሞተች የምትተካው ቶሎ አይደለም። እንቁላሏን አፈር ውስጥ ቀብራው ትሄዳለች፤ ለመፈልፈል አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ስትቆፍሩ ክብ፣ ነጭ እንቁላል ካጋጠማችሁ ሳታገላብጡ መልሳችሁ አፈር አልብሱት። ቃርሚያ ከማቃጠል ደግሞ ለአፈሩም ለከብቱም ብትተዉት ይሻላል፤ እሳት ሲነሳ ዔሊ ሮጣ አታመልጥም።